ማንኮራፋቱ ሲቋረጥ ይቁጠሩ

የሚያንኮራፋ ሰው በቤተሰብ መካከል ይሳቅበታል እንጂ ብዙም አይታሰብለትም። «እንቅልፍ ጥሎታል፣ ተዉት ይተኛ» ይባልና ይታለፋል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ይህ ልማድ ሰው ስለሚጎዳ ነው። በየሌሊቱ ጮክ ብሎ ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አይደለም፤ አየር በጠበበ ጉሮሮ ለማለፍ ሲታገል የሚሰማ ድምፅ ነው። ከድምፁ የሚብሰው ደግሞ ድምፁ ድንገት ጠፍቶ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ጊዜ ነው። ሕመሙ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች ወደ 1 ቢሊዮን የሚጠጉት እንዳለባቸው ገምቷል፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። ሕመሙ የሚመጣው ሲተኙ ስለሆነ ታማሚው ራሱ የሚያይበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የሚከተለውን የሚያንኮራፋው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የሚተኛውም ያንብበው።

ጉሮሮ ውስጥ የሚሆነው

ስንተኛ ጡንቻዎቻችን ይላላሉ። የምላስ ሥር ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ለስላሳው ላንቃና እንጥሉ ይረግባሉ፣ ጉሮሮ ይጠባል። አየሩ በዚያ ጠባብ መንገድ ሲያልፍ ለስላሳውን ሥጋ ያርገበግበዋል፤ ማንኮራፋት የምንለው ድምፅ ይኸው ነው። መንገዱ ጨርሶ ሲዘጋ ድምፁ ይጠፋል። ደረትና ሆድ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፣ የሚገባ አየር ግን የለም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎል ይደነግጥና ሰውየውን ለጥቂት ሰከንድ ያነቃዋል፤ ጉሮሮው ይከፈታል፣ በኃይል አየር ይስባል፣ ተመልሶ ያንኮራፋል። ጠዋት ሲነሣ አንዱንም አያስታውስም።

ሐኪሞች የሚቆጥሩት ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየውን መቋረጥ ወይም መጥበብ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 እስከ 14 ጊዜ ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 29 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። በሰዓት 30 ማለት በየ2 ደቂቃው መታፈን ነው፤ 7 ሰዓት ለተኛ ሰው በአንድ ሌሊት 210 ጊዜ ይሆናል።

በእያንዳንዱ መታፈን አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ የደም ግፊት ሽቅብ ይወጣል። የጤነኛ ሰው ግፊት ሌሊት ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ዝቅ ይላል፤ ይህ ሰው ግን ያን እረፍት አያገኝም። ውሎ አድሮ ግፊቱ ቀንም አልወርድ ይላል። አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደርቦ እየወሰደ ግፊቱ ያልተስተካከለለት ዘመድ ካለዎት፣ አራተኛ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት ስለ እንቅልፉ ይጠየቅ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ጊዜ የማይጠየቅ ጥያቄ ስለሆነ ነው። ስትሮክ፣ የልብ ምት መዛባት፣ የልብ ድካም፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ፣ ድብርትና የወሲብ አቅም መዳከምም ከዚሁ ሕመም ጋር ተያይዘው ይታያሉ።

ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት መነሣትም አንዱ ምልክት ነው። የታፈነ ደረት በኃይል ሲስብ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይበዛል፤ ልብም ፈሳሽ የበዛ መስሎት ኩላሊት ሽንት እንዲያወጣ የሚያዝዝ ሆርሞን ይለቃል። ብዙ አባቶች ይህን ለፕሮስቴት ወይም ለስኳር ብቻ ይሰጡታል። ሁለቱም መመርመር አለባቸው፤ የሚያንኮራፋ ሰው ከሆነ ግን ሦስተኛውም አይረሳ።

መጀመሪያ፦ ሌሊቱን ይመዝግቡ

ሐኪም ዘንድ ባዶ እጅ አይሂዱ። የእጅ ስልክዎን ከአልጋው አንድ ሜትር ያህል ርቆ ወንበር ላይ ያስቀምጡና ድምፅ መቅጃውን ከፍተው ይተኙ። ቻርጀሩ ላይ ይሰካ፣ የጥሪ ድምፁም ይጥፋ። ብቻውን የሚኖር ሰው ያለው መንገድ ይህ ነው፤ ቅጂውን በተለይ ወደ ንጋት ያለውን ክፍል ያዳምጠው። ሕልም የሚታይበት እንቅልፍ የሚበዛው ያኔ ነው፣ ጡንቻም ከምንጊዜውም በላይ የሚላላው ያኔ ነው።

አጠገብዎ የሚተኛ ሰው ካለ ደግሞ እርሱ ወይም እርሷ ከስልኩ የበለጠ ያያሉ። በጀርባው ተኝቶ፣ አፉ ተከፍቶ፣ አገጩ ወደ አንገቱ ወርዶ ያንኮራፋል። ድምፁ ከፍ እያለ ይሄድና ድንገት ይቆማል። ያኔ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያሉ ይቁጠሩ። እየቆጠሩ ደረቱንና ሆዱን ይመልከቱ፤ ደረቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ሆዱ ወደ ላይ ሲነሣ፣ ሁለቱ በተቃራኒ ሲሄዱ ያያሉ። ከአፍንጫው ፊት እጅዎን ቢይዙ ትንፋሽ አይሰማዎትም። አሥር ያልፋል፣ አንዳንዱ ሃያና ሠላሳም ይደርሳል። ከዚያ እግሩን ወርወር ያደርግና እንደታነቀ ሰው በኃይል ስቦ ይመለሳል። ይህን በቪዲዮ ከያዙት ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ማስፈራራትም ማሳፈርም አያስፈልግም፤ ጠዋት «አባባ፣ ሌሊት ትንፋሽዎ ሲቋረጥ አይቻለሁ፣ አብረን ሐኪም እንሂድ» ማለት ይበቃል።

ለሦስት ሌሊት ያህል ይህን ያድርጉና በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ረጅሙ መቋረጥ ስንት እንደደረሰ፣ ሰውየው በጀርባው ወይስ በጎኑ እንደነበረ፣ ማታ ምን እንደጠጣ፣ ስንት ጊዜ ለሽንት እንደተነሣ፣ ጠዋት አፉ ደርቆ ወይም ራሱን አሞት እንደሆነ። ታፍኖ ባንኖ የሚነሣና «ዱካክ ተጫነኝ» የሚል ከሆነም ይጻፍ።

ቀጥሎ፦ ስምንቱ ጥያቄዎች

በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስቶፕ ባንግ የተባለ አጭር መጠይቅ አለ፤ የተዘጋጀው በካናዳ፣ ቶሮንቶ ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በራስዎ ላይ ይሞክሩት። ድምፅዎ በተዘጋ በር አልፎ የሚሰማ ነው? ቀን ቀን ይደክምዎታል ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ይልዎታል? ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ሰው አለ? የደም ግፊት አለብዎ ወይም መድኃኒት ይወስዳሉ? ክብደትዎ ለቁመትዎ በጣም የበዛ ነው? ለምሳሌ 1 ሜትር ከ70 ለሆነ ሰው ከ101 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ዕድሜዎ ከ50 አልፏል? የአንገትዎ ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ሲለካ ከ40 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል? ወንድ ነዎት?

«አዎ» ያሉት ከ2 ካልበለጠ ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው። 3 ወይም 4 ከሆነ ሐኪም ያማክሩ። 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራውን አያዘግዩ። ስለ ቀን እንቅልፍ ሲመልሱ ለራስዎ እውነቱን ይንገሩ። ታክሲ ውስጥ መውረጃውን አልፎ የሚነቃ፣ ስብከት ወይም ስብሰባ ላይ የሚያንጎላጅ፣ ከምሳ በኋላ ያለ ሦስተኛ ስኒ ቡና መሥራት የማይችል ሰው «አይደክመኝም» ማለት የለበትም።

መጠይቁ በሴቶች ላይ ትንሽ ያዳላል። ሴት ብዙ ጊዜ የምትናገረው ስለ ማንኮራፋት ሳይሆን ስለ ድካም፣ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ እንቅልፍ መቆራረጥና ስለ ጭንቀት ነው፤ ስለዚህ «ደም ማነስ ነው፣ ሐሳብ ነው» ተብላ ትመለሳለች። የወር አበባ ካቆመ በኋላ ሥጋቱ ይጨምራል። በእርግዝና ወቅት በአዲስ መልክ የጀመረ ከባድ ማንኮራፋት ደግሞ ከእርግዝና ግፊት ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ለክትትል ሐኪሟ ይነገር።

መሪ የሚይዙ ከሆነ

ይህኛው ነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2013 ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ አንድ የመንገደኞች ባቡር በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ብቻ በሚፈቀድበት ኩርባ ላይ በ132 ኪሎ ሜትር ገብቶ ከሐዲዱ ወጣ። 4 ሰዎች ሞቱ፣ ከ60 በላይ ቆሰሉ። መርማሪዎች ነጂው እንዳንቀላፋና ያልታወቀለት ከባድ ስሊፕ አፕኒያ እንደነበረበት አረጋገጡ። ሰውየው መታመሙን አያውቅም ነበር።

በጅቡቲ መስመር ሌሊት ተጉዞ ቀን የሚጭን ሾፌር፣ ዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የሚነዳ ወይም በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ትራክ የሚያሽከረክር ወንድም ይህን ለራሱ ያንብበው። መሪ ላይ ዓይንዎ ከተከደነ፣ ያለፉበት ከተማ ትዝ ካላለዎት ወይም ከመስመር ወጥተው ከባነኑ፣ ምርመራ እስኪያደርጉ ረጅም መንገድ አይያዙ። ቡናና ጫት ዓይንን ይገልጡ ይሆናል፤ ሌሊት የታፈነውን አንጎል ግን አያሳርፉትም። አሜሪካ ያሉ ሾፌሮች «ከተመረመርኩ መንጃ ፈቃዴን አጣለሁ» ብለው ይደብቃሉ። በዚያ አገር ሕክምናውን በአግባቡ የሚከታተል ሾፌር ወደ ሥራው መመለስ ይችላል፤ ለእንጀራም ለነፍስም አደገኛው ሳይታከሙ መንዳት ነው።

ዛሬ ማታ የሚጀመር

ሐኪም እስኪያገኙ የሚደረግ ነገር አለ፤ ብዙውም ገንዘብ አይጠይቅም።

በጎንዎ ይተኙ። በጀርባ ሲተኛ ምላስ በራሱ ክብደት ወደ ጉሮሮ ይወድቃል። ተኝተው እንዳይገለበጡ የአሮጌ ካናቴራ ጀርባ ላይ፣ በትከሻዎች መካከል፣ ኪስ ያሰፉና የተጠቀለለ ካልሲ ወይም ትንሽ ኳስ ይክተቱበት። በጀርባ ሲገለበጡ ይቆረቁርዎታል፣ ሳይነቁ ወደ ጎን ይመለሳሉ። ጥቂት ሳምንት ሲለመድ ሰውነት በራሱ ይይዘዋል። ትራስ መደራረብ ግን አይጠቅምም፤ አንገትን ያጥፈዋል። ከዚያ ይልቅ በአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ጠንካራ እንጨት አስገብተው ከፍ ያድርጉት።

ከመኝታ በፊት ባሉት ሦስትና አራት ሰዓታት አልኮል አይጠጡ። ጠጅም ሆነ አረቄ፣ ቢራም ሆነ ውስኪ የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፣ አንጎልም ለመታፈኑ ቶሎ እንዳይነቃ ያደርገዋል። ቀን ጫት ቅሞ ማታ ለጨብሲ የሚጠጣ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ጫቱ እንቅልፉን ያባርርበታል፣ መጠጡ ደግሞ የመጣለትን እንቅልፍ ያፍነዋል። ሐኪም ሳያውቀው የሚወሰድ የእንቅልፍ ኪኒን፣ ዳያዜፓምና ትራማዶልን የመሳሰሉትም እንዲሁ አደገኛ ናቸው። «እንቅልፍ አይወስደኝም» ብሎ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚውጥ ታማሚ ትንፋሹን የሚያስመልስለትን መንቃት ነው የሚያጠፋው።

አፍንጫው የታፈነ ሰው በአፉ ይተነፍሳል፣ ያን ጊዜ ጉሮሮው ይጠባል። ጭስ አፍንጫን ስለሚያፍን በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከሰል አያጫጭሱ፤ ከሰል ተዘግቶ ሲተኛበት እንደሚገድል ማንም ያውቃል። ዕጣኑንም ሳሎን ይተዉት። አለርጂ ካለ ይታከም። ሲጋራ የጉሮሮን ሥጋ ስለሚያሳብጥ ማቆሙ ይረዳል።

ክብደት ከሁሉ ይበልጣል፣ ከሁሉም ይከብዳል። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳየው፣ ክብደቱን በ10 በመቶ የቀነሰ ሰው የትንፋሽ መቋረጡ ቁጥር 26 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ማለት ነው። ማታ ጠግቦ ወዲያው መተኛት፣ ለስላሳ መጠጥና ዘይት የበዛበት ወጥ የሚጀመርባቸው ቦታዎች ናቸው። ቲርዜፓታይድ የተባለውን መርፌ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2024 ከመጠን በላይ ውፍረት ላለባቸው የዚህ ሕመም ታማሚዎች ፈቅዶታል፤ ያለ ሐኪም ክትትል በሻንጣ አስመጥቶ የሚወጋ ግን አይደለም። ቀጭን ሰውም ይህ ሕመም ይይዘዋል፤ የአገጭ ማነስ፣ የቶንሲል ማበጥ፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስም ያመጡታል።

አፍንጫ ላይ የሚለጠፈው ፕላስተር፣ በኢንተርኔት የሚሸጠው የአገጭ መያዣ፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚረጨው ዘይት ድምፁን ሊያለዝቡ ይችላሉ። ድምፁ ቀነሰ ማለት ግን መታፈኑ ቆመ ማለት አይደለም።

ሐኪም ቤት

አገር ቤት የሚጠየቀው የሳንባ ስፔሻሊስት ወይም ከአንገት በላይ ሐኪም ነው። የእንቅልፍ ምርመራ በሁሉም ቦታ ስለማይሰጥ ከመሄድዎ በፊት ስልክ ደውለው ያረጋግጡ። ምርመራው አያምም፤ ጣት ላይ ኦክስጅን መለኪያ፣ አፍንጫ ሥር ትንሽ ቱቦ፣ ደረት ላይ ቀበቶ ታስሮ ይተኛል። አሜሪካ መድን ላለው ሰው ብዙ ጊዜ መሣሪያው ቤት ይላካል፤ እስራኤል ያሉ አንባቢዎች በኩፓት ሆሊማቸው በኩል ይጠይቁ። በኮቪድ ጊዜ ብዙ ቤት የገባው የጣት ኦክስጅን መለኪያ ሌሊቱን ሙሉ መዝግቦ ካላስቀረ በስተቀር ለዚህ አይበቃም፤ ታማሚው ነቅቶ ሲለካው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው የሚለው።

ውጤቱ መካከለኛ ወይም ከባድ ከሆነ በብዛት የሚታዘዘው ሲፓፕ ነው። ሲድኒ ውስጥ ኮሊን ሱሊቫን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም ያስተዋወቁት ይህ መሣሪያ ኦክስጅን አይሰጥም፤ ተራውን የክፍል አየር በመጠነኛ ግፊት በማስክ እያስገባ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ቀለል ላለው ሕመም የጥርስ ሐኪም የሚሠራው፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደፊት የሚይዝ መሣሪያም አለ።

ሲፓፕ ላይ ሰው የሚሸነፈው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ማስኩን ቀን ላይ፣ ቴሌቪዥን እያዩ፣ ለግማሽ ሰዓት አድርገው ይልመዱት። ግፊቱ ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ እንዲጨምር ይስተካከልልዎ። ጢም ያለው ሰው አፍንጫ ላይ ብቻ የሚያርፈውን ማስክ ይሞክር፣ አፍና አፍንጫን የሚሸፍነው ትልቁ ማስክ ጢሙ ላይ አየር ያስወጣል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ስስ ሻሽ አስራ ማሰሪያውን በላዩ ታድርግ። ማስኩ በየቀኑ በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ። አየሩን በሚያረጥበው የማሽኑ ክፍል የሚጨመረው ውሃ የተጣራ ይሁን፣ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ግን ፈጽሞ አይጨምሩ። ካጡ ለጊዜው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሆናል፤ በየቀኑ ይቀየር።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው መሣሪያ ከሆነ ከመሰካትዎ በፊት ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለኢትዮጵያ 220 ቮልት ይሆናል፤ 110 ብቻ ከሆነ ይቃጠላል። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ ሞዴሉን ያጣሩ፤ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ2021 በውስጣቸው ያለው ስፖንጅ እየተፈረፈረ በመተንፈሻ በኩል ሊገባ ስለሚችል በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎችን መልሶ ሰብስቧል። ግፊቱም ለላኪው እንጂ ለእርስዎ የተስተካከለ አይደለምና ሐኪም ያስተካክለው። መብራት ሲጠፋ ማስኩን አውልቀው በጎንዎ ይተኙ፤ የመብራት መጥፋት በሚደጋገምበት ሰፈር መጠባበቂያ ባትሪ ከማሽኑ ጋር ቢታሰብ ጥሩ ነው።

መሣሪያው የሚሠራው በተደረገበት ሰዓት ብቻ ነው። 2,717 ታማሚዎችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው ሴቭ የተባለ ትልቅ ጥናት ሲፓፕ የልብ ድካምና ስትሮክን እንዳልቀነሰ አሳይቶ ብዙዎችን አስደንግጧል። ተሳታፊዎቹ በአማካይ የተጠቀሙበት በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር። ያም ሆኖ የቀን እንቅልፋቸው ቀንሷል፣ መንፈሳቸውም ተሻሽሏል። ስለዚህ ሙሉውን ሌሊት ለመልበስ ይጣሩ። ማፈር የሚባለውን ግን ይተዉት፤ ጆ ባይደን በፕሬዚዳንትነታቸው ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2023 ፊታቸው ላይ የማሰሪያው ምልክት ታይቶ ሲጠየቅ፣ ቤተ መንግሥታቸው መሣሪያውን እንደሚጠቀሙ ተናግሯል።

ልጅ ካንኮራፋ

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ የሚያልበው፣ ካቆመ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ መታየት አለበት። ልጅ እንደ ትልቅ ሰው አያንጎላጅም፤ ይቅበጠበጣል፣ ትምህርቱን ማዳመጥ ያቅተዋል፣ በባለጌነት ይቀጣል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያበጠ ቶንሲልና አድኖይድ ነው፤ ከአንገት በላይ ሐኪም አይቶ ካስፈለገ በቀዶ ሕክምና ያወጣዋል፣ ብዙ ልጆችም ይሻላቸዋል።

እንጥል ማስቆረጥ ግን መድኃኒቱ አይደለም። በአንዳንድ አካባቢ ጉሮሮው ለታመመ ሕፃን አሁንም ይደረጋል። ደም ማፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና በአንድ ምላጭ የሚተላለፍ በሽታ ያስከትላል፣ ሕፃናትም ሞተውበታል፤ መንገዱን የዘጋውን ቶንሲል ደግሞ አይነካውም። ሴት አያት ቢያዝዙም በአክብሮት እንቢ ይበሉ።

ከምርመራው በኋላ

ሕክምና በጀመሩ በወሩ ተመልሰው ይታዩ፤ አብዛኞቹ ማሽኖች ስንት ሰዓት እንደተጠቀሙበትና መቋረጡ ስንት ላይ እንደደረሰ ይመዘግባሉ። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግፊትዎ ሊወርድ ስለሚችል መጠኑ ይከለስ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ። ብዙ ኪሎ ከቀነሱ ወይም ከጨመሩ ምርመራው ይደገም።

ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና፣ ለሄርኒያም ይሁን ለሐሞት ጠጠር፣ ሲገቡ ደግሞ «ስሊፕ አፕኒያ አለብኝ» ብለው ለማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ። ያልተመረመሩ ከሆነም «ሌሊት ትንፋሼ ይቋረጣል ይሉኛል» ይበሉ። ማደንዘዣውም ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ጉሮሮን ስለሚያላሉ፣ ባለሙያው መጠኑን ያስተካክላል፣ ኦክስጅንዎንም የሚከታተል ሰው ይመድባል። ማሽኑን ከነማስኩ ይዘው ሆስፒታል ይግቡ፤ አስታማሚዎ ከአልጋዎ አጠገብ የሚሠራ ሶኬት መኖሩን ቀድሞ ይይ።